ስድሳ አራት አውቶቡስ በወረቀት

ባለቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ስምሪት ላይ ሠርታ፣ ባለፈው ዓመት በልብ ሕመም ሞተች። ሞቷ ከተማችን አጠገብ ሊሠራ ከታሰበው የኑክሌር ማመንጫ ጋር አይገናኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው «ኑክሌር» እና «ሞተች» የሚሉትን ቃላት አንድ ገጽ ላይ ካገኘ ቀሪውን ራሱ ስለሚጽፈው ነው። ማመንጫው ገና አልተሠራም። ያለው አጥርና አንድ ትልቅ ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የሻጩ አገርና የእኛ እጆች ተጨባብጠዋል፣ ሠዓሊው ቸኩሎ ለእኛ እጅ ስድስት ጣት ሰጥቶታል።

ሥራዋ እንዲህ ነበር። ንጋት ላይ ከዴፖው በር አጠገብ ወዳለችው የመስታወት ክፍል ትገባለች፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ካርቶን ላይ ታሳርፋለች፣ የሬዲዮ መገናኛውን ትከፍትና የአውቶቡሶቹን የጎን ቁጥር ትጠራለች።

«ሦስት!»

«አለሁ፣ እትዬ።»

«ሰባት!»

«አለሁ፣ ግን ፍሬኑ ትንሽ ይለግማል።»

«እንግዲያው የለህም። ውረድና ጋራዥ ግባ።»

ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ አይወጣም። ሾፌሮቹ እትዬ ስምሪት ይሏታል። ጥርሶ የሚባል አንጋፋ ሾፌር ነበር፤ ስሙን ያገኘው ሁለት የፊት ጥርሶቹ ስለሌሉ ነው። እሱ «ሚስቴን ዋሽቼ አውቃለሁ፣ አለቃዬንም ዋሽቼ አውቃለሁ፣ እትዬን ግን ሬዲዮ ላይ ገና ስተነፍስ ታውቅብኛለች» ይል ነበር።

ጻድቅ ግን አልነበረችም። የዴፖው መዝገብ ስድሳ አራት አውቶቡስ ይላል። የሚንቀሳቀሱት ሃያ ሦስት ናቸው። ነዳጅ የሚታደለው በመዝገቡ ቁጥር ስለሆነ የሞተ አውቶቡስ ከመዝገብ አይፋቅም ነበር፤ ሙታኑ ኮታ ይቀበላሉ፣ ሕያዋኑ ይጠጣሉ። በየዓመቱ የቆጠራ ቅጽ ሲመጣ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጎማ ጠጋኙ ሁሉም «ስድሳ አራት» ብሎ ይፈርማል። እሷም ትፈርም ነበር። ጠዋት ጠዋት የምትጠራው ሕያዋኑን ብቻ ነው፤ ሙታኑን ትዘላቸዋለች። ማንም በዚህ እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም፣ እኔም ጭምር።

የማመንጫው ውል የተፈረመው በዚህ መሐል ነው። ሻጩ አገር ብድሩን ይሰጣል፣ ማመንጫውን ይሠራል፣ ነዳጁን ያመጣል፣ የእኛን መሐንዲሶች ያሠለጥናል፣ የሚቆጣጠሩትንም እሱው ያሠለጥናል። የእኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ሰው ነበረው፤ ቢሮው የፕሮጀክቱ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መኪናው የፕሮጀክቱ፣ የሚጠጣውም ሻይ የፕሮጀክቱ። ቁልፉን ከተረከብን በኋላ ለሚደርስ አደጋ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። የተቃጠለው ነዳጅ የት ይሄዳል ለሚለው ደግሞ ውሉ «ወገኖቹ በመልካም መንፈስ ይነጋገራሉ» ይላል።

ይህን ከጋዜጣ ሳነብላት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «አሮጌ መኪና የሚሸጥ ሰውም እንደዚሁ ነው» አለች። «እስከ በሩ ድረስ የሱ ነው። ከበሩ ወዲያ በመልካም መንፈስ ትነጋገራለህ።»

ብድሩ እንዲለቀቅ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ መቅረብ ነበረበት። ዕቅዱን ይዞ ዴፖ የመጣው የፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት ሰው ነው። ምን ቢጠይቁት «አባሪው ላይ አለ» ስለሚል ሾፌሮቹ በመጀመሪያው ቀን አቶ አባሪ አሉት። ትሑት ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ቦርሳውን በሁለት እጁ አቅፎ ነው የሚቀመጠው።

ዕቅዱ በማመንጫው ዙሪያ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ክብ አስምሮ፣ ክቡ ውስጥ ያሉትን ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሰዎች በስድሳ አራት አውቶቡስ በሁለት ምልልስ ያወጣል። አባሪው በሻጩ አገር ቋንቋ ነበር፤ ባለቤቴ አንድም ቃል አታነብም። ቁጥር ግን በሁለቱም ቋንቋ ያው ቁጥር ነው። ጣቷን በዝርዝሩ ላይ ቁልቁል እያስኬደች የመንደሮቹን ስምና የአውቶቡሶቹን የጎን ቁጥር ታስተያያለች።

«ሾፌሮቹ በየት በኩል ነው የሚወጡት?» አለችው።

«እሱ ምስጢር ነው፣ እትዬ። የመንገዱ ካርታ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። ውሉ ላይ የደኅንነት መረጃ ተብሏል፤ አጥፊ እጅ እንዳይገባ።»

«የካዝናው ቁልፍስ?»

«ዋናው መሥሪያ ቤት።»

«ዋናው መሥሪያ ቤት እኮ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው!»

«አዎ፣ አባሪው ላይ…»

«ልጄ፣ ከዚህ ከተማ የሚያስወጣው መንገድ አንድ ነው። ድልድዩም አንድ ነው። አጥፊው ካርታ የሚያስፈልገው ከሆነ እንኳን ማመንጫ የጫማ ሱቅም አያገኝ።»

አቶ አባሪ ለመሳቅ አፉን ከፈተና ሐሳቡን ቀየረ። የባለቤቴ ጣት ግን አንድ መስመር ላይ ቆሞ ነበር። መንደሩ አሥራ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የታላቅ እህቷ መንደር ነው። አውቶቡሱ ቁጥር አርባ አንድ።

እህቷ ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጎረቤት ነው የሚያነሳት፣ ጎረቤት ነው የሚያስቀምጣት። አርባ አንድ ደግሞ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ሞተሩ ወደ ጥርሶ አውቶቡስ፣ ወደ አሥራ ሁለት ቁጥር፣ ተዛውሯል። ወንበሮቹ በሥራ አስኪያጁ የእንግዳ ማረፊያ ተደርድረዋል። የቀረው ቆርቆሮ ውስጥ የዘበኛው ዶሮዎች እንቁላል ይጥላሉ።

ያን ቀን ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ተቀመጠች።

«እህቴን ዶሮ ላይ ጭነዋታል» አለች።

«ንገሪያቸዋ።»

«ምን ብዬ? ስድሳ አራት ብዬ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ፈርሜ፣ ዛሬ የኔ ሰው ሲሆን ሃያ ሦስት ልበል?»

«በይ።»

«ኮታው ይቆረጣል። ጥርሶ ይጠላኛል። ጡረታዬ አንድ ዓመት ቀርቶታል።»

«ታዲያ አትበይ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ሐሳብ ላይ ቁም እንጂ!»

የዕቅዱ ልትፈርም የሚገባት ገጽ መጨረሻው ላይ ለስምሪት ኃላፊ የተተወ መስመር አለው። ሥራ አስኪያጁ ከአደጋ ጊዜ ልምምዱ በኋላ ይፈረማል አላት። ልምምዱን ለማየት ከዓለም አቀፉ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ድርጅት ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። የእሱ ዘዴ ያው የታወቀው ነበር፦ ሃያ ሦስቱ በፊት በር ይወጣሉ፣ በኋላ በር ይገባሉ፣ የጎን ቁጥራቸው ሌላ ቁጥር በተጻፈበት ወረቀት ይሸፈንና እንደገና ይወጣሉ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ስድሳ አራት ይሞላል። ወረቀቱን ራሱ ነው ቆርጦ ያዘጋጀው። እንግዶቹ የዴፖውን ሥርዓት በጆሯቸው እንዲሰሙም ሬዲዮዋን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘ። ይህን ማንም አላዘዘውም። ኩራት ነው።

የልምምዱ ጠዋት እኔም ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር። እንግዶቹ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል፤ አለቃቸው የጎማ ቡትስ ያደረጉ አንዲት አሮጊት መሐንዲስ ናቸው፣ አጠገባቸው አስተርጓሚ። ባለቤቴ በመስታወት ክፍሏ ውስጥ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ካርቶኑ ላይ አሳረፈች። ከዚያ መዝገቡን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ፣ ሳትዘል፣ መጥራት ጀመረች።

«አንድ!»

ዝም።

«አንድ!»

ዝም።

«አንድ አልወጣም። ሁለት!»

ዝም።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ድምፅ ማጉያው የተበላሸ መስሎት ገመዱን ነካካ። «ሦስት!» ስትል «አለሁ፣ እትዬ» የሚለው ድምፅ ግቢውን ሞላውና ገመዱ ደኅና መሆኑ ታወቀ። ያኔ ወደ መስታወቱ ሄዶ አንኳኳ። አላየችውም። ሁሉንም በተለመደ ድምፅ ነው የጠራችው። ሙታኑን ሁለት ሁለት ጊዜ ጠራቻቸው፣ እንደ ደንቡ።

«አርባ አንድ!»

ዝም።

«አርባ አንድ!»

እዚህ ላይ የጥርሶ ድምፅ ገባ። «እትዬ፣ የአርባ አንድ ሞተር እኔ ጋ ነው። ወክዬው አለሁ ልበል?»

ሾፌሮቹ በየአውቶቡሳቸው ውስጥ ሲስቁ መሪ የሚደበድቡት ሁሉ ተሰማ። አሮጊቷ ወደ አስተርጓሚው ዘንበል አሉ። አስተርጓሚው ወደ ሥራ አስኪያጁ።

«የማይመልሱት ጥገና ላይ ናቸው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከመቼ ጀምሮ? ይላሉ።»

«በቅርቡ…»

«አርባ አንድ ስድስት ዓመቱ ነው» አለች ባለቤቴ፣ ድምፅ ማጉያው ላይ።

አሮጊቷ ተነሡና አሳዩኝ አሉ። የአርባ አንድን በር ሲከፍቱ ዶሮዎቹ በእግራቸው መሐል ወጡ። ሴትዮዋ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ወንበር የነበረበትን ቦታ በእጃቸው ዳሰሱና ማስታወሻቸው ላይ አንድ መስመር ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ጠበቀችው ነው የሆነው። ኮታው ወደ ሃያ ሦስት ወረደ። አውቶቡሶቹ ቀትር ላይ ነዳጅ ይጨርሱ ጀመር፣ ፌርማታው ላይ ሰልፉ ጨመረ፣ ሰልፈኛው ረገማት። ጥርሶ ወር ሙሉ በሬዲዮ «አለሁ» ብቻ አላት፤ «እትዬ» የምትለዋን አስቀራት። በመጨረሻ አንድ ቀን «እርስዎ እውነቱን ተናገሩ፣ እኛ በእግራችን ሄድን» አላትና ታረቁ።

ያልጠበቀችው ሌላ ነገር ነው። አቶ አባሪ በተሻሻለ ዕቅድ ተመለሰ። አውቶቡስ፦ ሃያ ሦስት። የሚወጣው ሰው፦ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ። ሂሳቡ ልክ ነው፤ እሷም እስክሪብቶዋን አነሳች። ከዚያ ካርታውን አየችው። አውቶቡስ አልጨመሩም። ክቡን አሳንሰውታል፤ አሥራ ስድስት የነበረው ስድስት ኪሎ ሜትር ሆኗል። የእህቷ መንደር ውጭ ቀርቷል።

«ጨረሩ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ምን ብሎ ይቆማል?» አለችው።

«ባለሙያዎች ናቸው ያሰመሩት።»

«የትኛው ባለሙያ?»

«አባሪው…»

«አባሪው ላይ የለም፤ ልብስ ሰፊ ጨርቅ አለቀ ሲል ቀሚሱን እንደሚያሳጥረው ነው ያሳጠራችሁት። ይኸውልህ ልጄ፣ ሃያ ሦስቱ እውነት ነው፣ እሱን እፈርማለሁ። ክቡን ግን እኔ አላሰመርኩትም። እዚህ ጋ አንድ መስመር ጨምር፤ ክቡን ያሰመረው ሰው ሙሉ ስም። ስሙ ሲሞላ የኔን ከሥሩ አኖራለሁ።»

አቶ አባሪ ቀላል ነገር መስሎት መስመሩን አስጨመረ። ወረቀቱ ወደ ፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት ሄደ፤ የቴክኒክ ጉዳይ ነው ተብሎ ወደ ተቆጣጣሪዎቹ ተላከ። ዘጠኙ ተቆጣጣሪዎች የሻጩ ወገን ስሌት ነው አሉ። የሻጩ ወገን በውሉ መሠረት የሕዝብ ደኅንነት የባለቤቱ አገር ኃላፊነት ነው ብሎ መለሰ። አሮጊቷ መሐንዲስ ደግሞ መስመሩ አንዴ ከተሰመረ ባዶ አይቀበሉም። አሥራ አራት ወር ሲዞር ከረመ። አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ስም ተሞልቶ መጥቶ ነበር፤ ሰውየው ሲጠየቅ ክቡ በተሰመረበት ሳምንት ፈቃድ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ አቀረበ።

እሷ በዚህ መሐል ጡረታ ወጣች። እህቷን ከአሥራ አንደኛው ኪሎ ሜትር አምጥተን ሳሎኑ ውስጥ አልጋ ዘረጋንላት። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር፤ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ጨው፣ ከአርባ ዓመት በፊት ስለጠፋ ማበጠሪያ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ባለቤቴ ልብስ እያሰጣች ወደቀች።

በሳምንቱ አቶ አባሪ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ቦርሳውን በሁለት እጁ አቅፎ ተቀመጠ፣ እግዜር ያጥናችሁ አለ። ከዚያ ቦርሳውን ከፈተ።

«ይቅርታ… ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። የእትዬ ጥያቄ የግል ነበር ወይስ የመሥሪያ ቤቱ? ማለት፣ እርሳቸው ካረፉ መስመሩ ይነሣ እንደሆነ ብለው ነው የላኩኝ። ቤተሰቡ ባይቃወም…» ወረቀቱን ግማሽ ድረስ ከቦርሳው አወጣው።

 የባለቤቴ እህት ከአልጋዋ ሆና «እስቲ አሳየኝ» አለች። አሳያት። መነጽሯን አድርጋ ካርታውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«እኔ የነበርኩት እዚህ ነው፣ ከክቡ ውጭ» አለች። «አንተ ቤትህ የት ነው?»

ጣቱን ካርታው ላይ አደረገ፣ ትንሽ አንቀሳቀሰውና አቆመው። ከክቡ በላይ ነው። «ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ» አለ።

«አንተም ውጭ ነህ?»

«ውጭ ነኝ።»

«ታዲያ ሰው ፍለጋ ምን ያንከራትትሃል? አንተው ስምህን ጻፍበት።» ከትራሷ ሥር እስክሪብቶ አውጥታ ዘረጋችለት።

አቶ አባሪ እስክሪብቶውን ተቀበላት፤ በትሕትና ምክንያት ይመስለኛል። ካርታውን አየ፣ ባዶውን መስመር አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን በሁለት እጁ መለሰላት።

«ልጆች አሉኝ፣ እማማ» አለ።