«በረከት» ያልኩባት ወረቀት

ቆጣሪ ነኝ። ሸሕዲ መጋዘን በር ላይ የስንቱ ባለሀብት ሰሊጥ በእኔ አፍ ተቆጥሮ ገብቷል። አውራጆቹ «እሷ ከቆጠረች አለቀ» ይላሉ፤ ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ! ለቀበሌያችን ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ ቆጣሪ ሲፈለግም የተጠራሁት እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ተወዳዳሪ ነበር። ተፎካካሪው፣ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ፣ «ግዴለም፣ እሷን አውቃታለሁ» አሉ።

የወንድሜ ምልክት ግመል፣ የእሳቸው ትራክተር ነው። እኔ ወረቀቱን ከሣጥን እያወጣሁ ምልክቱን እጠራለሁ፤ በቅርቡ ከደጋ የመጣ አስተማሪ ሰሌዳው ላይ ጭረት ያሰምራል። ሲያልቅ ግመልና ትራክተር እኩል ወጡ። ፈርሞ ከመረጠው ሰው ቁጥር ግን አንድ ድምፅ ጎደለ።

ጉድ ፈላ! ሣጥኑ ተገለበጠ፣ ጠረጴዛው ተነሣ፤ እኔም ነጠላዬን አራገፍኩላቸው። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው፤ እህቱ ነኛ! የስንት ዓመት ስሜ በአንዲት ወረቀት ሊጠፋ ነው አልኩ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እኛ ጆንያ ስንቆጥር የመጀመሪያውን «አንድ» አንልም፣ «በረከት» ነው የምንለው። የመጀመሪያዋን ወረቀት ሳወጣም ምልክቷን በመጥራት ፈንታ በልማዴ «በረከት!» ብያለሁ። አስተማሪው ምርቃት መስሎት አላሰመረም። ወረቀቷ ደግሞ የትራክተር ነበረች።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ዝም ብል እኩል እንደሆኑ ይቀራሉ። እንዴት ብዬ!

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወረቀቶቹን እንደገና ቁጠሩ» አልኩ። ተቆጠሩ። ወንድሜ በአንድ ድምፅ ተሸነፈ።

«አንቺን ብሎ እህት!» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ቤቴን አልረገጠም። አልቅሻለሁ፤ ተጸጽቻለሁ ግን አልልም።

ሰሊጥ ሲደርስ ወንድሜ የእርሻውን ምርት ጭኖ መጋዘኑ በር መጣ። ሌላው ቆጣሪ ሥራ ፈትቶ ቆሟል፤ እሱን አልፎ እኔ ዘንድ መጣ።

«እዚያ ወረፋ የለም እኮ» አልኩት፣ ቂሜ ገና አልወጣልኝም።

«ከአንቺ ሌላ ማን ይቁጠርልኝ?» አለ።

የመጀመሪያው ጆንያ ወረደ። ያ ቃል እምቢ አለኝ። ወንድሜ ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝና ራሱ ጮክ ብሎ «በረከት!» አለ።

እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ «ሁለት!» አልኩ።