የጋቢው ቋጠሮ

አባቴን ንጉሤን ስትሮክ ከመታው ሁለት ዓመት ሆነው። ባለፈው ሳምንት ጂንካ ውስጥ የድጋፍ ማመልከቻ የጻፈልን ራፖር ጸሐፊ «የአልጋ ቁራኛ ስለሆኑ» ብሎ ጀመረ። «ሌላ ቃል አጣህ?» ብዬ ተቆጣሁት። ደነገጠ። ጥፋት የለበትም፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። እኔ ግን ቃሉ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ያንገሸግሸኛል።

በ1983 ሰኔ ላይ፣ መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ፣ እኛ ሰፈር የሚደርስ ፖሊስ አልነበረም። ያን ሰሞን የጎረቤታችን የአበጀ በሬ ጠፋ። አበጀም አባቴን «አንተ ነህ የሸጥከው» አለው። ጋሽ ሣህሌ የሚባሉ ሽማግሌ ታዲያ ከልጅነታቸው የሚያውቁትን መላ አመጡ።

«ቁራኛ ይሁኑ።»

ሰዉ አልገባውም። ቁራኛ ከመቆራኘት ነው ብለው አስረዱ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ አብረው እየበሉ፣ አብረው እየተኙ ዳኛ ፊት ይደርሱ ነበር። ብረት አያስፈልግም፤ ቋጠሮውን የፈታ እሱ ጥፋተኛ ነው። እንዲህ ሆኖ የአባቴ ጋቢ ከአበጀ ጋቢ ጋር ተቋጠረ። ሕፃን ልጅ የሚፈታው ቋጠሮ ነበር።

በአራተኛው ቀን የሰፈሩ ወንዶች በሬውን ፍለጋ ወደ አልዱባ ወጡ። ሁለቱ ቀበሌው በረንዳ ላይ እንደተቆራኙ ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን አስካል እየሮጠች መጣች።

«ንጉሤ፣ ብርነሽ ምጥ ጠንቶባታል። ቃሬዛ የሚይዝ ወንድ ጠፋ።»

እናቴን በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ለማድረስ ሁለት ሰው ይበቃል። እነሱ ደግሞ ሁለት ነበሩ። አባቴ ብድግ አለ። አበጀ ጋቢውን ጨምድዶ ይዞ አልነሣም አለ።

«ሰበብ ነው። መሄድ ካማረህ ፍታው።»

አባቴ ቋጠሮውን ያዘው። ያዘውና ተወው። ሌባ ተብሎ ቸርች ውስጥ እንዴት ብሎ ይቁም? አስካልን «ሰዎቹ እስኪመለሱ» አላት።

ሰዎቹ አመሻሽ ላይ በሬውን እየነዱ ተመለሱ። ለካ ወደ ቀድሞ ባለቤቱ በረት ሄዶ ኖሯል። አበጀ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቋጠሮውም ተፈታ። እኔ ተረፍኩ፤ እናቴ አልተረፈችም። ኤልሳቤጥ ብላ ስም ያወጣችልኝ አስካል ናት።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ጋቢ ለብሶ አያውቅም። ነገሩን ከሰማሁ ጀምሮ ተቀይሜዋለሁ፤ ጥዬው መሄድም አልሆነልኝም። አምና ካንጋተን ከተማ ሥራ አግኝቼ ነበር። ማን ያገላብጠዋል ብዬ ቀረሁ። አንዳንድ ቀን በሩን ሳይ እውላለሁ።

ማመልከቻውን ይዤ ገባሁና አነበብኩለት። ቃሉ ላይ ስደርስ ዘለልኩት። እሱ ግን ገባው።

«ያን ቀን ብፈታው ኖሮ?» አለኝ፣ አንደበቱ እየተያዘ።

እናቴ ትኖር ነበር ልለው አሰብኩ። አልወጣልኝም።

«ሌባ ይሉህ ነበር፣ አባዬ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቢሉኝስ» አለ።