የአራስ ቄጤማ

ከሰፈራችን በታች፣ መንገዱ ወደ ሁምቦ ማዘቅዘቅ ሲጀምር፣ ረግረግ ነበረ። አሁንም አለ ለማለት ያህል አለ። በሙሽርነቴ ስመጣ ቄጤማው ደረቴ ድረስ ነበር፤ መሀሉ ገብተሽ ብትቀመጪ የሚያይሽ የለም። ረዘም ያለውን አድርቀን ምንጣፍ እንሠራበታለን። ለስላሳውን ጠምዝዘን፣ እንስራ ስንሸከም ራሳችን ላይ እናደርገዋለን። ቅቤ ገበያ ስንወስድ ፀሐይ እንዳያቀልጠው እርጥቡን እናለብሰዋለን። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ የማንም ቤት ወለል ያለ ቄጤማ አያድርም። የዚያ ሽታ እስካሁን አለቀቀኝም። ጭቃ ጭቃ ይላል፣ ግን ደስ ይላል።

ሕግ ነበረው፤ ያስተማረችኝ አማቴ ናት። ቄጤማ በማጭድ ይታጨዳል እንጂ አይነቀልም። የመጀመሪያው እቅፍ ደግሞ ከሰፈሩ አራሶች ቀድማ ለወለደችው ነው፤ አልጋዋ ሥር ይጎዘጎዝላታል። በመጀመሪያው ዓመት መርጬ ያጨድኩትን አማቴ ከላዬ አውርዳ የማላውቃት ሴት ደጅ ስታኖረው ተናደድኩ።

"የደከምኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

"አንቺም ትወልጃለሽ" አለችኝ።

የበኩሬን ስወልድ አልጋዬ ሥር ቄጤማ ተጎዝጉዞ አገኘሁ። ማን እንዳመጣው ዛሬም አላውቅም።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ወለደች። ከኦቶና ሆስፒታል ልጇን ታቅፋ በባጃጅ እንደገባች ማጭዴን ይዤ ወረድኩ። ጎረቤታችን ረግረጉ ዳር የተከለው ባሕር ዛፍ ውኃውን መጥጦት፣ የተረፈው ቄጤማ አንድ እቅፍ ቢሆን ነው። በዚያ ዛፍ የተነሣ ከሰውዬው ጋር ሽማግሌ ፊት ቆመናል፤ ሰላምታም የለንም። አጭጄ ስጨርስ ነው ትዝ ያለኝ፤ የሰውዬው ምራት ከልጅ ልጄ ቀድማ ወልዳለች።

ቤቴን አልፌ ስሄድ የልጅ ልጄ በመስኮት አየችኝ።

"እማማ፣ ቤትሽ ጠፋሽ እንዴ?"

"አልጠፋኝም። እዚያ ቤት ቀድማ የወለደች አለች።"

"ውኃውን ያደረቁት እነሱ አይደሉም?"

"ሕፃኑ ዛፍ አልተከለም።"

"የእኔስ ልጅ ምን አጠፋ?"

እቅፌን አስተካከልኩና መንገዴን ቀጠልኩ።

ሰውዬው ደጁ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሣ።

"ደግሞ ለክስ መጡ እማማ?"

"ክሱ አልቀረልህም። ዛሬ ለአራሷ ነው፤ ዞር በል።"

ዞር አለ። አልጋዋ ሥር ስጎዘጉዝ አራሷ ሽታውን ሳብ አድርጋ "የእናቴን ቤት መሰለኝ" አለች። እኔም ያሰብኩት የድሮውን ቤት ነበር።

ስወጣ ሰውዬው መሬት መሬት እያየ "ለእናንተስ ተረፈ?" አለኝ።

"ዛፍህን ጠይቀው" ብዬው ሄድኩ።

ቤት ስገባ የልጅ ልጄ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ራት ላይ ነው ቀስ ብላ "የቄጤማውን ሥርስ ተውሽው?" ያለችኝ።

"መቼ ነቅዬ አውቃለሁ?"

በልግ ሲጥል፣ ዛፉ ካስተረፈለት፣ መልሶ ይበቅላል። ያኔ የልጅ ልጄ ልጅ መዳህ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ሌላ ሴት ካልወለደች፣ የመጀመሪያው እቅፍ የእሱ ነው።