እምቢ ያለው መጋዝ

ወልደሰንበት እያወሩት ሐሳቡ ጥሎት የሚሄድ ሰው ነው። ሚስቱ ብርቄ «ስትመለስ ንገረኝ» ትለውና ሥራዋን ትቀጥላለች። የት እንደሚሄድ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከኮተቤ በላይ፣ እንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ ባሕር ዛፎቹ መካከል። ዕድሜውን ሙሉ ዛፍ ሲቆርጥ ኖሯል። ዛፍ ደግሞ ይወዳል። ሁለቱ እንዴት እንደሚስማሙ እኔን አትጠይቁኝ።

ዘንድሮ በሰኔ ግን አንድ ዛፍ እንቅልፍ ነሣው። አባቱ ከጓሮ የተከሉት ባሕር ዛፍ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሥሩ ላላና ወደ ጎረቤቱ ወደ ጠሀ ጣሪያ ዘመመ። ከዚያ ጣሪያ ሥር የጠሀ ልጅ ናዲያ አራስ ሆና ተኝታለች። ቤተሰቡ «ለጊዜው ዘመድ ጋ እንሂድ» ሲል ጠሀ «ወልደሰንበት እቆርጠዋለሁ ብሏል፤ የት ነው የምንሄደው?» አለ። ወልደሰንበት ይህን በአጥሩ በኩል ሰማ። ባይሰማው ይሻለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ነፋስ በመጣ ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይላል።

የሞተር መጋዙን ፈታትቶ የሠራው ራሱ ነው። አርጅቶ ጉልበቱ ያለቀ መጋዝ ነበር፤ አዲስ ፒስተን ከነፋሻ ቀለበቱ አስገባለት፣ ብሎኑን ሁሉ በቤንዚን አጠበ። የጎደለው ቤንዚን በሚመግበው ካርቡራተርና በሞተሩ መካከል የሚገባው ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ብቻ ነበር። ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ቢያጣው ጊዜ ከጠንካራ ወረቀት በመቀስ ቆርጦ ሠራው። ሁሉም ተገጠመ፤ መጋዙ ግን አልነሣ አለ።

ጠዋት፣ ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢው ውስጥ እንደተኛ፣ ገመዱን ሳበ። ምንም። ካንዴላውን ፈትቶ ከሞተሩ ብረት እያስነካ ሳበ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለች። የካንዴላውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ሳበ፤ ትንፋሹ ጣቱን ገፍቶ ጣለው። እሳት አለ፣ ጉልበት አለ። ካንዴላው ግን ደረቅ ነው፤ የቤንዚን ሽታ እንኳ የለውም። በቀዳዳው ትንሽ ቤንዚን አንጠባጥቦ ሲስብ ሞተሩ ኽርር ብሎ ተነሣና ወዲያው ጸጥ አለ።

«ጠምቶታል» አለ ወልደሰንበት ለራሱ።

«እንግዲያው አጠጣዋ!» አለች ብርቄ ከበሩ ላይ። «ወይ ሌላ ቆራጭ ጥራ።»

«ሌላ ሰው ይሄን ዛፍ አያውቀውም። የጠሀ ቤት ላይ ነው የሚጥለው።»

ታንከሩን አጠበ፣ ቱቦውን በአፉ ነፋ፣ ካርቡራተሩን ፈትቶ አጽድቶ መልሶ ገጠመ። ያው ነው። ከቀትር በኋላ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ክንዱ ዝሎ ከዛፉ ሥር ቁጭ አለ፤ ጀርባውን ለግንዱ ሰጠ። ዛፉ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ቅጠሎቹ ከላይ የሆነ ነገር ይንሾካሾካሉ። በልጅነቱ አባቱ ችግኟን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በዚያው በር ሲገቡ አየ፤ ወዲያው ደግሞ አባቱ ጠፉና ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ፊት ብቅ አለ። መልአክ ነው። ክንፎቹ ላይ የብሎን ቀዳዳ አለ። በቀኝ ዓይኑ ብቻ ትኩር ብሎ አየው።

ወልደሰንበት ከእንቅልፉ ብንን ብሎ ዘሎ ተነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጓርኒሲዮኑን የቆረጠው ብርቄ አልጥልም ብላ ካስቀመጠችው ያለፈ ዓመት ቀን መቁጠሪያ ሽፋን ነው። በነጩ ጀርባ ላይ አስምሮ ቆረጠ፣ የብሎኖቹን ቀዳዳዎች በሳ፣ ትልቁንም ቀዳዳ በሳ። የምስማር ጫፍ የምታህል አንዲት ቀዳዳ ስትቀረው ወረቀቱን ገለበጠው። የቅዱስ ዑራኤል ሥዕል ነው። ያቺ ቀዳዳ የምታርፈው ልክ ቀኝ ዓይኑ ላይ ነበር። ምስማሩን መልሶ አስቀመጠ። «ይቺ ደግሞ ምን ታደርጋለች፣ ትቅር» ብሎ እንዲሁ ገጠመው። አሁን ገባው፤ ሞተሩ ወደ ካርቡራተሩ የሚተነፍሰው በዚያች ቀዳዳ ነው፣ ቤንዚኑን የሚስበውም ያ ትንፋሽ ነው።

ጓርኒሲዮኑን አውጥቶ ምስማሩን አነሣ። ነፋሱ በርትቷል፣ ዛፉ ያቃስታል፣ አጥር ማዶ ሕፃኑ ያለቅሳል። እጁ ግን አሁንም አልታዘዝ አለው። በራሱ በጣም ተናደደ።

«ጠሀ!» ብሎ በአጥሩ ላይ ተጣራ። «ስስ ካርቶን አታጣም?»

ጠሀ ሾላ ገበያ ቅመምና ቴምር ይነግዳል፤ ከቤቱ ካርቶን ጠፍቶ አያውቅም። ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ባዶ የቴምር ካርቶን አቀበለው። ወልደሰንበት ቆረጠው፣ ትንሿንም ቀዳዳ በሳ፣ ገጠመ። ገመዱን ሲስብ መጋዙ አጉረመረመ፤ ሲደግመው ተነሣ። ብርቄ እልል አለች።

ናዲያን ከነልጇ ብርቄ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። ጠሀና የሰፈሩ ጎረምሶች ዛፉን በገመድ ወደ ጓሮው ወጥረው ያዙ፤ ወልደሰንበትም ቆረጠው። ባዶው የጎመን መደብ ላይ ወደቀ፤ ግቢው በቅጠሉ ሽታ ታጠነ። አባቱን ዳግመኛ የቀበረ ያህል አዘነ።

ዝናቡ ወዲያው ወረደ። ሁሉም ሮጠው ጠሀ ቤት ገቡ። ናዲያ ተመልሳ ሕፃኑን ወደ ወልደሰንበት አቀረበች።

«ይያዙት እንጂ ጋሼ።»

«እጄ ዘይት ነው ልጄ።»

«ይሁን፣ ይታጠባል» አለችና አስታቀፈችው።

«ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው እንደዚያ እምቢ ያለው?» አለ ጠሀ።

ወልደሰንበት በሐፍረት አቀረቀረ። በአንድ እጁ ሕፃኑን ይዞ በሌላው የመልአኩን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። «ዓይኑን መብሳት አቅቶኝ ነው። ቤታችሁ ላይ ዛፍ አዘንብሎ፣ እኔ ወረቀት መብሳት ያቅተኝ?»

ጠሀ ወረቀቷን ተቀብሎ በመስኮቱ ብርሃን ብዙ አያት። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። በጋቢው ጫፍ ዘይቱን ከመልአኩ ፊት ላይ ጠረገና በሁለት እጁ መለሰለት።

«እኔም አልበሳውም ነበር» አለው።