የገደሉ ጫጩት

ሞራግ በፎክላንድ ደሴቶች ገደል ላይ በሚያድሩት አልባትሮሶች እግር ቁጥር ያለው መለያ ቀለበት ስታስር ዕድሜዋን ፈጅታለች። ባሏ ከሞተ ወዲህማ ከበጎቿ ሌላ ወዳጆቿ እነዚያ ትልልቅ የባሕር ወፎች ነበሩ።

አንድ ቀን ልጇ ራልፍ ከዓሣ ማጥመድ ሲመለስ አንድ ቀለበት መዳፏ ላይ አኖረላት።

«እማዬ፣ ወፏ የመንጠቆአችንን ዓሣ ልትነጥቅ ስትል ተይዛ ሰጠመች።»

ሞራግ ቁጥሩን አየችና፣ «ጫጩት አላት እኮ፣ ልጄ!» አለችው።

ተያይዘው ገደሉ ላይ ወጡ። ጫጩቷ በጭቃ ጎጆዋ ሆና አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች። አባትየው የሚያመጣው ብቻውን አልበቃትም፤ ከስታለች።

«እኛ ብናበላትስ?» አለ ራልፍ።

«ሞክሬ አውቃለሁ። በእጄ አልበረከቱልኝም።»

በሳምንቱ ሞተች። አባትየው ግን ምግብ በጉሮሮው ይዞ ይመጣና ባዶውን ጎጆ እየዞረ ይጣራል። ራልፍ ይህን ቆሞ ሲያይ ዋለ።

ወደ ዓሣ ማጥመጃው መርከብ ሲመለስ ለካፒቴኑ፣ «ወፍ የሚያባርር ጨርቅ በገመድ ካላንጠለጠልን መንጠቆ አልጥልም» አለ።

ካፒቴኑ «የወፍ ጠበቃ!» ብሎ ቢስቅበትም፣ ጎበዝ ሠራተኛ ማጣት አልፈለገምና እሺ አለው።

ሞራግ ይህን ስትሰማ ልጇን አቅፋ ሳመችው። ያም ሆኖ ጎጆውን ሌላ ጥንድ እስኪይዘው ድረስ በዚያ በኩል ማለፍ አልቻለችም።