የዱአው ድንኳን

እንደ ቢጫ ጀሪካን ያለ ሸቀጥ የለም። አይሻግትም፣ አይነቅዝም፣ ፋሽን አያልፍበትም። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ያለችው ሱቄ ከምንም በላይ የምትሸጠው እሱን ነው። ገዢዎቼ ከታች ከምንጩ ውኃ ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡ ሴቶች ናቸው። ባይገዙኝ በወደድኩ። ነጋዴ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ምክንያት አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት፣ መሬቱ ተንዶ ከበታቻችን ያለውን መንደር ይዞት ወረደ። የተረፈው ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለለ። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም አራሷም አንድ ክፍል ውስጥ እንደ ማገዶ ተደረደሩ። ሴት ልብሷን የምትቀይርበት ጥግ አልነበረም፤ የወር አበባ የመጣባትማ የት ትግባ? ይህን ደፍራ ያነሳችው ካረብ አገር የተመለሰች አንዲት ወጣት ነበረች። በላከችው ገንዘብ የተሠራውን ቤት ናዳው ወስዶባታል። ሴቶቹን በተራ ምግብ የምታሠራውም፣ ወላጅ አልባ የቀሩትን ልጆች ከየሰው የምታስጠጋውም እሷ ነበረች።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የቅሬያችን ድንኳን የሚቀመጠው እኔ መጋዘን ነው። ልጅቱ የቅሬውን ዳኛ ሱቄ በር ላይ አገኘቻቸው።

«አባቴ፣ ድንኳኑን ለሴቶቹ ይፍቀዱልን። አንዷ ቀኗ ደርሷል፤ ወንድ መሀል ልትወልድ ነው።»

«የለቅሶ ድንኳን ለቋሚ ሰው አይተከልም። ሟርት ነው! ሞት ልትጠሪብን ነው?»

«ሞቱማ ሳይጠራ መጥቶ ሄደ፣ አባቴ።»

ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ናዳው የወንድማቸውን ልጅ የበላባቸው ሰው ናቸው። እኔ ግን ሸቀጥን የሚሸጠው ስሙ እንደሆነ ገበያ ያስተማረኝ ነኝ።

«ድንኳን አትበይ፤ ዱአ በይ» አልኳት። «ወሎ ውስጥ ዱአ የከለከለ ሰው እስካሁን አላየሁም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ለሰይጣንም የዱአ መቁጠሪያ ይሸጣሉ!» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ሁለት ባልቴቶች አስከትላ ወደ ዳኛው ተመለሰች። «ሴቶች ተሰብስበን ለተጎዳው ሕዝብ ዱአ ልናደርግ አስበን…» ገና ሳትጨርስ ዳኛው አቋረጧት። «ታዲያ ትናንት እንዲህ አትይም ነበር? ውሰዱት!»

ድንኳኑ ተተከለ። ሴቶቹ እዚያ ታጠቡ፣ ልብስ ቀየሩ። ቀኗ የደረሰው ሴት ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ እስላሟም ክርስቲያኗም ገንፎ አገነፉላት። ዱአውም አልቀረም፤ ውሸት ነበር አይባልም። እኔም በብልሃቴ ኮርቼ ሱቄ ውስጥ ተንጎራደድኩ።

ዝናቡ ሲያበቃ አዲሱ መንደር የት ይሁን የሚል ስብሰባ ተጠራ። ወንዶቹ «መንገድ ዳር ይሁን» አሉ፤ መኪና አለ፣ ገበያ አለ። ልጅቱ ተነሳች።

«ምንጩ አጠገብ ይሁን። መኪናው በሳምንት አንዴ ነው፤ ውኃው በየቀኑ ነው።»

ዳኛው በአባትነት ፈገግ አሉላት። «ልጄ፣ እናንተ በዱአችሁ አግዛችሁናል፤ አላህ ይቀበላችሁ። ይኼ መንደር የመቆርቆር ነገር ነው፤ ለአባወራዎቹ ተዉት።»

ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ምን እንደምትጠብቅ ገብቶኛል። ግን ተነስቼ «ድንኳኑ የተወሰደው ለዱአ አልነበረም፤ እነዚህ ሴቶች እዚያ ውስጥ አንድ መንደር ሲያስተዳድሩ ነው የከረሙት» ብል፣ ሴቶቹን በሽማግሌ ፊት ውሸታም ላደርጋቸው ነው። ሥራቸውን በዱአ ስም የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ በራሱ ስም የሚገዛው አልተገኘም። መንገድ ዳር መሆኑም ለሱቄ አይከፋም ነበር፤ እሱንም አልክድም።

«አሚን» አለችና ተቀመጠች።

ቤቶቹ መንገድ ዳር ተሠሩ። እሷም ብዙ ሳትቆይ ተመልሳ አረብ አገር ሄደች።

ድንኳኑ ውስጥ የወለደችው ሴት በቀደም ጀሪካን ልትገዛ መጣች። ልጇ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል።

«ያቺ ልጅ ደውላ ነበር» አለችኝ። «ውኃውን ወደ እናንተ አወጡላችሁ ወይስ እናንተን ወደ ውኃው አወረዷችሁ ትላለች።»

«ምን አልሻት?»

ጀሪካኑን አገላብጣ ክዳኑን ሞከረችው።

«አባወራዎቹ ገና ዱአ ላይ ናቸው አልኳት።»