ከአምስተኛው ብረት በላይ

የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ቀቢው በሰፈሩ «አቶ እምቢ» ተብለው የሚታወቁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ደንበኛ ወንበር አምጥቶ «ትንሽ ጠቆር ያድርጉልኝ» ሲል «እምቢ»፣ «እሺ፣ ፈካ ይበል» ሲልም «እምቢ» ይሉና፣ እንጨቱ ራሱ በሚፈልገው ቀለም ቀብተው ይመልሱለታል። ደንበኛው ተበሳጭቶ ይሄዳል፤ በዓመቱ ጠረጴዛውን ተሸክሞ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ሀብታም አይሆንም፤ የሚጠላው ሰው ግን አያጣም፣ ይህም በስተእርጅና አንድ ዓይነት ወዳጅነት ነው።

ከሚጠሏቸው ሁሉ ቅርቡ በጓሮ ክፍላቸው የሚኖረው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ነበር። «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ብሎ በአንድ ሻንጣ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሆዱ ቀድሞታል፣ እርሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ቀን በመጋዘን ካርቶን ይደረድራል፤ ማታ በተዋሰው ጊታር አንድ ዜማ ይዞ ያላዝናል። አቶ እምቢ «ኮከቡ» ይሉታል፤ በስሙ ከጠሩት ዘመድነቱን ያመኑለት ይመስላቸዋል።

ሆድና ጀርባ ያደረጋቸው ክፍሉ ነው። በሩ ጥብቅ፣ አቧራ የማይገባበት፣ ለቫርኒሽ ማድረቂያ የተሠራ የሚመስል ክፍል ነበር። ኮከቡ ስለተኛበት ግን የአቶ እምቢ ጠረጴዛዎች ግቢ ውስጥ ይደርቃሉ፤ ነፋስ አሸዋውን፣ ዝንብ እግሯን ትታባቸው ትሄዳለች። ሽማግሌው በየማለዳው የዝንብ እግር በመርፌ እየለቀሙ፣ የጓሮውን በር እያዩ ይራገማሉ።

አንድ ቀን ኮከቡ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ረጅም ካርቶን አቅፎ ወደ መሥሪያ ክፍላቸው ዘለቀ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር።»

«እምቢ።»

«ኧረ ገና አልነገርኩዎትም!»

«እምቢ ብያለሁ፤ አሁን ንገረኝ።»

በካርቶኑ ውስጥ ያልተገጣጠመ ኤሌክትሪክ ጊታር ነበር፦ ያልተቀባ የእንጨት ገላ፣ አንገት፣ ሽቦና በላስቲክ የታሰረ ብሎን። አንድ ሆቴል ለባንዱ ጊታር ተጫዋች ይፈልጋል። የባንዱ መሪ ግን አዲስ መሣሪያ ይዞ የመጣን ሰው «የትናንት ልጅ» ብሎ ከበር እንደሚመልስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጊታሩ ተገጣጥሞ፣ ተቀብቶ፣ ከዚያም ሃያ ዓመት መድረክ ላይ የኖረ እስኪመስል ማርጀት ነበረበት።

«ዕድሜዬን ሙሉ አሮጌ ሳድስ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ አዲስ ላስረጅ?»

«ሆቴሉ እኮ ማደሪያም ይሰጣል፣ ጋሼ።»

አቶ እምቢ ካርቶኑን፣ ቀጥሎም የጓሮውን በር ተመለከቱ። «እሺ» አሉ። ባለቤታቸው ይህን ሰምተው ከማድ ቤት ወጡና፣ ትኩሳት እንዳለባቸው ለማወቅ ግንባራቸውን ዳሰሱ።

ሥራው በስድብ ተጀምሮ በስድብ ቀጠለ። ኮከቡ ሽቦውን ራሱ ካልበየድኩ ብሎ ጣቱን አቃጠለ፤ ከጊታሩ ድምፅ የእርሱ ጩኸት ቀድሞ ተሰማ። ሽማግሌው ገላውን ደማቅ ቀይ ቀብተው፣ ቫርኒሹን ስስ አድርገው ደራረቡበት። ሲደርቅ በባለቤታቸው የፀጉር ማድረቂያ አሞቁት፤ ወዲያው ፍሪዘር ውስጥ ከተቱት።

«ሥጋዬን አውጥታችሁ እንጨት አስገባችሁ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ያንቺው ወንድም ነው፤ ሥጋ ማለት እርሱ አይደል!» አሉ ባልየው።

ቫርኒሹ በብርዱ ቀጭን ብርጭቆ እንደሚሰበር ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ተሰነጣጠቀ። ብሎኖቹ በኮምጣጤ ትነት ታፍነው ዛጉ። አሁን የቀረው በመዳፍና በክንድ ብዛት የሚመጣው መላላጥ ነበር።

«የት የት ይላላጥ?»

«ሁሉም ቦታ!»

«ወንበር ሁሉም ቦታ አያረጅም፤ የሚያረጀው ሰው የተቀመጠበት ነው። ያዝና ተጫወት።»

እንዲህ ብለው፣ የተሰበረ የወንበር መደገፊያ ሲተኩ የሰው ገላ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ የሚያደርጉትን አደረጉ፦ ጊታሩን ከራስ እስከ ግርጌው የጠመኔ ዱቄት ነሰነሱበት። ኮከቡ እያስነጠሰ የሚችለውን ሁሉ ተጫወተ። ከዚያ ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ዱቄቱ የጠፋበትን አነበቡ። ክንዱ ያረፈበት ጠርቷል፤ ሆዱ የተደገፈበት በሰፊው ጠርቷል። አንገቱም ላይ ጣት ከሚረግጥባቸው ብረቶች እስከ አምስተኛው ድረስ እንጨቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከአምስተኛው በላይ ግን ዱቄቱ እንደተነሰነሰ ነበር፤ የኮከቡ ጣት እዚያ አልደረሰም።

በብርጭቆ ወረቀትና በብረት ሱፍ የጠመኔውን ካርታ ተከተሉ፤ ጀርባውንም በቀበቶ ዘለበት ፋቁት። አምስተኛው ብረት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጥቂት ወደ ላይ ቢፈትጉ ኮከቡ ይቀጠራል፣ ክፍሉም የእርሳቸው ይሆናል። ሱፉን አነሱ፤ አስቀመጡት፤ ደግመው አነሱት። እጃቸውም እንደ ስማቸው እምቢ አለ።

ኮከቡ ግን ያለቀለትን ጊታር ሲያይ እንባው መጣ። አንድም ነገር አላስተዋለም።

ከሆቴሉ የተመለሰው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነው። ኮከቡ ገና ምንም ሳይጫወት የባንዱ መሪ ጊታሩን ተቀብሎት፣ አገላብጦ አይቶት ነበር።

«ስንት ዓመት ያዝከው?»

«ሃያ ዓመት፣ ጋሼ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ደረጃው ሥር ቆመህ፣ አንድ ቀን እንኳ ፎቁ ላይ ምን አለ አላልክም?» አለና ጣቱን ቫርኒሹ ባልተነካበት ቦታ ላይ አሳረፈ። «እስቲ ከዚህ ጀምርልኝ።»

ኮከቡ ከዚያ መጀመር አልቻለም።

«ሆነ ብለህ ነው!» ብሎ ጮኸ መሥሪያው በር ላይ። አቶ እምቢን «አንተ» ብሎ ሲጠራቸው ያ የመጀመሪያው ነበር። «አንጀትህ የተንኮል ጎሬ!»

«እጅህ የነካውን ፋቅሁ። ያልነካኸውን ከየት አምጥቼ ልፋቅልህ?»

«ውሸት እንድትሠራልኝ እኮ ነው የለመንኩህ!»

«ሠራሁልህ። ሃያ ዓመቱ ውሸት ነው። ጣቶችህ ግን ያንተው ናቸው።»

ወይዘሮዋ በመካከላቸው ገቡና ወንድማቸውን ሳይሆን ባላቸውን አዩ። «በል እንግዲህ፣ አንተ ሰውዬ፣ ጠረጴዛህን እውነትህ ላይ አድርቀው።»

አቶ እምቢ መርፌያቸውን አንስተው የዝንብ እግር ሊለቅሙ ወደ ግቢው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ከጓሮው የሚመጣው ድምፅ ባሰ። ኮከቡ በእልህ ከአምስተኛው ብረት በላይ ወጥቶ ነበር፤ ወጥቶም በየምሽቱ ይወድቃል።

«ሳትክ!» ይላሉ ሽማግሌው ከግድግዳው ማዶ።

«እርስዎ ስለ ሙዚቃ ምን ያውቃሉ?»

«የሚያመኝን አውቃለሁ!»

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት የጊታሩ ብሎን ላልቶ ኮከቡ ሳይወድ በግድ ይዞላቸው መጣ። ሽማግሌው ብሎኑን ሊያጠብቁ ጎንበስ ሲሉ፣ ሰባተኛው ብረት አጠገብ ጥፍር የምታክል የደበዘዘች ነጥብ አዩ። ጊታሩን ነጥቀው ወደ መስኮቱ ሮጡ።

«በብረት ሱፍ ነው!»

«በጣቴ ነው።»

«አጭበርባሪ! እቃዬን ሰርቀህ ነው!»

«ይዩታ! ማጉያ መነጽር አለዎት አይደል?»

አዩት። የብረት ሱፍ ቢሆን ባንድ አቅጣጫ የተሰለፈ ጭረት በተወ ነበር። ጭረት የለም፤ የእጅ ወዝና የሞተ ነጸብራቅ ብቻ ነው። አቶ እምቢ መነጽራቸውን አውልቀው ከሚያስፈልገው በላይ ወለወሉት፤ ብሎኑን አጥብቀው ጊታሩን ደረቱ ላይ ወረወሩለት።

«ከመጫወትህ በፊት እጅህን ታጠብ» አሉት። «ቫርኒሼን እያበላሸኸው ነው።»